የእመት ኤሊ ይግባኝ

ዱሮ ነው፤ የዱሮም ዱሮ። ተራራ ቦታውን ገና ሳይመርጥ፣ አራዊትም ከሰው ይልቅ ሕግ ያውቁ በነበረበት ዘመን፣ ስሟ ከአፌ በጠፋ በአንዲት አገር እመት ኤሊ የምትባል ነበረች። ልጆች፣ ዛሬ የምታውቋትን ኤሊ አታስቡ። ያኔ ጀርባዋ ላይ ምንም አልነበረም። ጀርባዋ እንደ ሊጥ ለስላሳ፣ እግሯም ፈጣን ነበር። እናንተም ትልልቆቹ ስሙ፤ ተረት የልጅ ነው የሚል ሰው ጆሮውን ሊያሳርፍ ሲፈልግ ነው።

እመት ኤሊ የምትኖረው ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር፣ ከምንጭ አጠገብ ነበር። ባሏን ጎርፍ ወስዶባታል፤ ልጅም አልወለደች። ሥራዋ ምንጩን መጥረግ ነበር። ያዘዛት የለም፤ የሚከፍላትም የለም። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ትለቅማለች፣ ዝቃጩን በእግሯ ትቧጥጣለች፣ የምንጩን ዓይን ትከፍታለች። አራዊቱ መጥተው ይጠጣሉ። ጠጥተው ሲሄዱ ከፊሉ «እግዜር ይስጥልን» ይላታል፤ ከፊሉ አፉን ጠርጎ እብስ ይላል። እሷም ከዛፉ የወደቀችውን ሾላ ለቅማ፣ በልታ፣ አምላኳን አመስግና ታድራለች።

በዚያው ሾላ ላይ ደግሞ አባ ጉሬዛ ይኖር ነበር። ከትከሻው እስከ ጭራው ነጭ ጋቢ የመሰለ ጠጉር ተለቆለታል። ያየው ሁሉ መናኝ ይመስለዋል። እሱም መምሰሉን ስላወቀ ሲመስል ይውላል፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። ጋቢው ግን ትከሻውን እንጂ ሆዱን አልሸፈነውም። ከዛፉ ላይ ያለው ፍሬ ሁሉ የእሱ ሆኖ ሳለ፣ ዓይኑ ከታች ከምትለቀመዋ ፍሬ ላይ ነበር። «ከእኔ ዘንድ የወደቀ የእኔ ነው» ይላል በሆዱ። የጠገበ ሰው ረሃብ እንዲህ ነው፤ መሬት ድረስ ይወርዳል።

አንድ ቀን ሸንጎ አስጠራ።

«ምንጩ ሸተተ» አለ ከቅርንጫፉ ላይ ሆኖ። «ይህች ሴት ገላዋን እየነከረች ውሃችንን አርክሳዋለች። ምስክር አለኝ።»

ምስክሩ አያ ጅቦ ነበር። አባ ጉሬዛ «ከዛፍ ላይ ሆኜ አይቻለሁ፤ ገደል የገባ ሰንጋ አለ፤ ከመሰከርክ በኋላ ቦታውን አሳይሃለሁ» ብሎ በጆሮው ነግሮታል።

«አይቻለሁ!» አለ አያ ጅቦ። «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

«ምን አየህ?» አለችው እመት ኤሊ።

«ያየሁትን!»

ዳኛው ከርከሮ ነበር። እስከ ጆሮው ጭቃ የተለቀለቀ ከርከሮ ስለ ውሃ ንጽሕና ሊፈርድ ጉሮሮውን ጠረገ። እመት ኤሊ ዙሪያዋን አየች። ምንጩን የምትጠርግላቸው ሁሉ ተቀምጠዋል። ወደ እመት ድኩላ አየች፤ ድኩላ እርጉዝ ናት፣ ሣር ታያለች። ወደ ጥንቸል አየች፤ ጥንቸል ያን ሁሉ ጆሮ አጣጥፋ ተኝታለች። ወደ ጦጣ አየች፤ ጦጣ ቅማል ትፈልጋለች፣ ያውም ከራሷ ላይ። አንድም «ኧረ ውሸት ነው» ያለ የለም።

«ከምንጩ ትውጣ» አለ ከርከሮ። «ከሾላውም ጥላ ትውጣ። ወደ ጭንጫው ተራራ ትሂድ።»

እመት ኤሊ ቆመች። «ዳኛ ሆይ፣ ፈርደሃል። እኔ ደግሞ ይግባኝ ብያለሁ።»

«ወዴት ነው ይግባኙ? ከዚህ ሸንጎ በላይ ማን አለና?»

«ከዚህ በላይ እንኳን ያለሁት እኔ ነኝ!» አለ አባ ጉሬዛ ከቅርንጫፉ፤ ሸንጎው በሳቅ ወደቀ።

እመት ኤሊ አልሳቀችም። የፊት እግሯን ወደ ሰማይ አነሣች። «እዚያ ነው። ጌታዬ፣ አንተ ፍረድ፤ እኔ አልፈርድም» አለችና ሄደች።

ጭንጫው ተራራ ላይ ዛፍ የለም፤ ጎረቤት የለም። ያለው ድንጋይና ፀሐይ ነው። እመት ኤሊ አንዲት የአለት ስንጥቅ አግኝታ ገባች። ጎድጎድ ያለች ድንጋይ ላይ የምታድረውን ጤዛ እየላሰች ኖረች። ረሃቡንስ ቻለችው፤ ጥሙንም ቻለችው። ያቃታት ሌላ ነው። ጠዋት ስትነሣ «እንደምን አደርሽ?» የሚላት አጣች።

ስለዚህ ከስንጥቋ ወጥታ ገደሉ አፋፍ ላይ ትቆምና ትጣራለች።

«ቤቶች!»

«ቤቶች!» ይላል የገደል ማሚቶ።

«እንደምን አደራችሁ?»

«እንደምን አደራችሁ?»

«እኛ ደኅና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። «እኛ» ማለቷ ራሷን ይገርማታል። እሷና ማን? ግን «እኔ» ስትል አፏ ውስጥ ይጠባታል፤ «እኛ» ይሻላል።

እንዲህ እያለች ከረመች። የዝናቡ ወራት መጣ፤ ዝናቡ ግን አልመጣም። ደመና ብቅ ይላል፣ ሸለቆውን ቁልቁል ያያል፣ ያየውን የጠላ ይመስል ይመለሳል። እመት ኤሊ ከላይ ሆና ታያለች። ሸለቆው መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ፤ ቀጥሎም እንደ አሮጌ ቁርበት ተሰነጣጠቀ።

እውነቱን እንነጋገር፤ ደስ አላት። የተገፋ ሰው ገፊው ሲንገላታ ሲያይ ልቡ ቅቤ ይጠጣል። «እሰይ! ይግባኜ ደረሰ» አለች። ቅቤው ግን ውሎ ሲያድር ከረፋባት። ምክንያቱም ከሸለቆው የሚመጣው ድምፅ አንድ በአንድ ጠፋ። መጀመሪያ እንቁራሪቱ ዝም አለ። ከዚያ ጅግራዋ። ከዚያ ማታ ማታ እየጮኸ የሚያናድዳት ያ አያ ጅቦ። ከሩቅ የሚሰማ የጠላት ጫጫታ ለካ ጎረቤት ኖሯል። አሁን ጆሮዋን ብታቀና ባዶ ነው። «ቤቶች!» ስትል፣ ገደሉ እንኳ ድምፁ የሰለለ መሰላት።

አንድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና ሳለ፣ ከደጅ ድምፅ ተሰማ።

«ቤቶች!»

እመት ኤሊ ደነገጠች። እሷ አልተጣራችም። ገደል ደግሞ ሳይጠሩት አይጣራም።

«ማነው?»

«እንግዳ።»

«ግባ! ግባ እንግዳ!» አለች፤ ማን መሆኑን እንኳ ሳትጠይቅ። ናፍቆት እንደዚህ ያጃጅላል።

የገባው አያ ጅቦ ነበር። የጎድን አጥንቱ ከውጭ ይታያል፤ ምላሱ እንደ ደረቀ ቋንጣ ተንጠልጥሏል።

«አያ ጅቦ! በደኅና ነው?»

«በደኅና ነው፣ እመት ኤሊ። ልበላሽ ነው የመጣሁት።»

«መጀመሪያ አረፍ በል እንጂ።»

«አደራሽን አትጥፊ» ብሎ ተዘረጋ። ሊነሣ ሞከረ፤ አቃተው። እንደገና ሞከረ፤ እግሩ ከዳው። ወደ እሷ በልመና አየ። «እመት ኤሊ፣ አፈር ስሆን፣ ትንሽ ጠጋ ብትይልኝ?»

«ጥርስህ ድረስ ልምጣልህ?»

«ከቻልሽ።»

እመት ኤሊ ሳቀች። ከሾላው ሥር ከወጣች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ገደሉም አብሯት ሳቀ። አያ ጅቦ ጆሮውን አቆመ።

«ሌላ ሰው አለ እንዴ?»

«የለም። ችግሩስ እሱ አይደል?»

ጤዛ ያለባትን ድንጋይ ገፋ አድርጋ አፉ ሥር አቀረበችለት። ለነገ ያቆየቻት ነበረች። አያ ጅቦ ላሳት። ላሰና ድንጋዩንም ሊበላው ደረሰ። ነፍሱ መለስ ስትል ዓይኑን አሸት አደረገ።

«ማን ላከህ?» አለችው።

«አባ ጉሬዛ።»

«ንገረኛ።»

«ዝናቡ ሲቀር ሰበሰበን። ‹ዝናቡ የጠፋው በኃጢአታችሁ ነው። እኔ ለሰማይ ቅርብ ነኝ፤ ላማልዳችሁ› አለን። እንደ አባቶች ወግ ድንጋይ ተሸክማችሁ ከዛፌ ሥር ቁሙ አለን። መባም አምጡ አለን። የቀረችንን ፍሬ ሁሉ ሰጠነው።»

«ፍሬው ምን ሊሆን?»

«እሱ ነው ወደ ላይ የሚያሳርገው።»

«በየት በኩል?»

አያ ጅቦ አሰበ። «በአፉ በኩል።»

ልጆች፣ ይህን የድንጋይ ወግ ታውቁታላችሁ። በዳይ ዕርቅ ሲፈልግ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት ይቆማል። ተበዳዩ ወይም አስታራቂ ሽማግሌ «አውርድ» እስኪለው ድረስ አያወርድም፤ ፀሐይ ቢያከስለውም አያወርድም። አራዊቱም ይህን ያውቃሉ። ያልገባቸው አንድ ነገር ነው፤ የተሸከሙት ድንጋይ ከማን ፊት መቆም እንዳለበት።

«ድንጋዩንስ ተሸከማችሁ?» አለች እመት ኤሊ።

«ኧረ ተሸክመናል። ከርከሮ ጠጠር መረጠ፤ ‹ጠጠርም የድንጋይ ልጅ ነው› ብሎ። ጦጣ ባዶ ቅል በጭቃ ለቅልቃ አመጣች። ጥንቸል የጦጣን አይታ ‹አንድ ለሁለታችን ይበቃል› አለች።»

«አንተስ?»

«አጥንት። ስጨርስ ልቆረጥመው።»

«ጸሎቱስ?»

«ጸሎቱማ ተጸለየ! ከርከሮ ‹በእኔ ጭቃ ላይ ዝነብ› አለ። ድኩላ ‹በእኔ ሣር ላይ› አለች። ጦጣ ‹ከርከሮን ሳታረጥብ በእኔ ላይ› አለች።»

«አንተ ምን አልክ?»

አያ ጅቦ አንገቱን ደፋ። «ሁሉም በጥም ይሙቱና ልብላቸው፤ ከዚያ በኋላ ለማወራረጃ ዝነብልኝ አልኩ።»

«አንዱ ስለ ሌላው የለመነ የለም?»

«ስለ ሌላው?» አያ ጅቦ ግራ ገባው። «ለምን ሲባል?»

 እመት ኤሊ ድምፅዋን አሳንሳ «ስለ እኔስ ያነሣ አለ?» አለች።

«ዛሬ ተነሣሽ እንጂ። ምህላው እምቢ ሲል አባ ጉሬዛ ‹የረገመችን እሷ ናት፤ ካልተበላች አይዘንብም› አለ። እኔ ተላክሁ።» ትንፋሹን ሳበ። «እመት ድኩላ ወልዳለች። ጡቷ ደርቋል። ግልገሏ መቆም አቅቷታል። ዛሬን የምትውል አይመስለኝም።»

ይህን ሲላት እመት ኤሊ ያን ቀን አስታወሰች። ድኩላ ሣር እያየች፣ ሆዷ ውስጥ ያለችው ግን ምንም ሳታይ።

«አያ ጅቦ፣ በእኔ ላይ የመሰከርክ ዕለት ምን አይተህ ነበር?»



«ምንም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ሰንጋውም ገደል ውስጥ አልነበረም» አለና ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ለየትኛው እንዳለቀሰ እሱም አያውቀው፤ እኛም አንጠይቀው።

እመት ኤሊ ከስንጥቋ ወጣች። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመች። የፊት እግሯን እንደዚያን ቀኑ ወደ ሰማይ አነሣች።

«ጌታዬ፣ ይግባኝ ባይዋ መጥቻለሁ።»

ድምፅ መለሰላት። ነጎድጓድ አልነበረም። የገደል ማሚቶ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን እሷ ያላለችውን ይናገራል።

«ይግባኝሽን ሰምቼ ፈርጄልሻለሁ። አላየሽም?»

«አየሁ እንጂ። አንተ ፍረድ አልኩህ እንጂ አገር አድርቅ አልኩህ?»

«አንዱ ዋሸ፤ አንዱ ፈረደ፤ ሌላው ሁሉ ዝም አለ። ዝም ያለም ከፈራጁ ጋር ፈርዷል።»

«እሺ፤ የዋሸውንም፣ የፈረደውንም፣ ዝም ያለችውንም አንተ ታውቃለህ። ግልገሏስ? ያኔ በሆድ ነበረች። ከሆድ ሆና ‹ውሸት ነው› ብላ ትጩህ ነበር? ጉንዳንስ? ከመቼ ወዲህ ነው ጉንዳንን ሸንጎ የጠራት? አንተ የእውነት ዳኛ ነህ። ንጹሑንና በዳዩን ባንድ ምጣድ ካመስካቸው፣ በአንተና በከርከሮ መካከል ምን ልዩነት አለ?»

አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ፤ መብረቅ ይወርዳል ብሎ። አልወረደም። ለሰው ዝም የምትለዋ እመት ኤሊ ለፈጣሪዋ ምላሷ አልታሰረም፤ እሱም የሚወደው ይህንኑ ነው።

«እውነትሽን ነው» አለ ድምፁ። «ለግልገሏ ላዝንብ፤ ለጉንዳንም። ግን ዝናብ ስም እየጠራ አይወርድም። ለግልገሏ ከዘነበ ለእናቷም ነው።»

«ለእናቷም ይሁን።»

«ለከርከሮም ነው።»

«ለከርከሮም ይሁን። ጭቃው ናፍቆታል።»

«ለጅቦም ነው።»

ዞር ብላ አየችው። ዓይኑን እንደጨፈነ ነው። «ለጅቦም ይሁን።»

«ለጉሬዛም ነው።»

 የሾላው ጥላ ታያት፤ የሸንጎው ሳቅ ጆሮዋ ውስጥ ጮኸ። «ለእሱስ ከምለምን ምላሴ ይቆረጥ!» አለች።

«እንግዲያስ ፍርዱ ይጽና» አለ ድምፁ፤ ዝምም አለ።

እሷም ዝም አለች። ሸለቆው ዝም አለ። ገደሉም የሚመልሰው ቃል አጣ። እመት ኤሊ ያን ዝምታ ቁልቁል አየችው። እውነቷ በእጇ ነበረች፤ የነካባትም የለም። ግን ሁሉ ካለቀ በኋላ እሷና እውነቷ ሁለት ሆነው ሊቀሩ ነው። ጠዋት ተነሥታ እውነቷን «እንደምን አደርሽ?» ልትላት ነው።

«ለጉሬዛም ይሁን» አለች፤ ቃሉን እንደ ኮሶ ዓይኗን ጨፍና ዋጠችው።

«ፍርዱን ለመንሺኝ፤ ተውኩልሽ። ምሕረት ግን ወግ አለው» አለ ድምፁ። «የተበደልሽው አንቺ ነሽ። ድንጋይ ተሸክሞ ከፊትሽ የቆመ አለ?»

«የለም።»

«ድንጋይ ሳይነሣ ዕርቅ ይሆናል?»

«አይሆንም፤ ወጉ አይደለም።»

«እንግዲያስ?»

እመት ኤሊ ዙሪያዋን አየች። ጭንጫው ተራራ ከድንጋይ ሌላ ምን አለውና። «እኔው ላንሣው» አለች።

«ተበዳይዋም አንቺ፣ ድንጋይ ተሸካሚዋም አንቺ?»

«ምን ላድርግ ጌታዬ፣ እዚህ ሌላ ማን አለ?»

ድምፁ አልመለሰም። የሚያለቅስ ሰው ዝም እንደሚለው ዝም አለ።

እመት ኤሊ ጠጠር አልመረጠችም። ሰፊ፣ ጎበጥ ያለ፣ በፀሐይ የጋለ ድንጋይ መረጠች። ሥሩ ገባችና በዚያ እንደ ሊጥ በለሰለሰ ጀርባዋ ብድግ አደረገችው። ድንጋዩ አጎበጣት፤ ግን ቆመች።

«ስለ እመት ድኩላ፣ ማረን!» አለች።

«ማረን!» አለ ገደሉ።

«ስለ ከርከሮ፣ ማረን!»

«ማረን!» አለ ገደሉ።

«ስለ ጥንቸል፣ ስለ ጦጣ፣ ማረን! ስለ አያ ጅቦ፣ ማረን!»

«ማረን!» አለ ገደሉ። ያ ሁሉ ቀን ባዶነቷን ሲመልስላት የኖረው ገደል፣ ዛሬ እንደ ምህላ ሕዝብ ይቀበላት ጀመር።

«ስለ አባ ጉሬዛ...»  ድንጋዩን አስተካከለች። «ስለ አባ ጉሬዛም፣ ማረን!»

«ማረን! ማረን! ማረን!» አለ ገደሉ፤ ከአያ ጅቦም አፍ የወጣች አንዲት ሰላላ «ማረን» አብራ ነበረችበት። ስለ ሌላ ሲለምን የመጀመሪያው ነው፤ አፉ እንግዳ ሆኖበት ነበር።

ያን ጊዜ ንፋስ ተነሣ። ደመና ከወዲያ ማዶ ብቅ አለ፤ የዛሬው አልተመለሰም። አንድ ጠብታ ድንጋዩ ላይ ጠብ አለች። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያማ ሰማይ እንደ ተቀደደ አቁማዳ ተዘረገፈ።

አያ ጅቦ እየዘለለ፣ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ፣ ቁልቁለቱን ተያያዘው።

«አያ ጅቦ!» ጮኸች እመት ኤሊ። «‹አውርጂ› በለኝና ሂድ! አያ ጅቦ!»

አልሰማም። የጠማው ሰው ውሃ ሲያገኝ ጆሮው ይደፈናል።

ብቻዋን ቀረች፤ ድንጋይ ተሸክማ፣ በዝናብ። ለራሷ «አውርጂ!» ብላ ሞከረች። «አውርጂ!» አለ ገደሉ። ግን የገደል ማሚቶ ሽማግሌ አይሆንም፤ ያወቀችውን ወግ በራሷ አፍ ልታፈርስ አልወደደችም። «አንዳቸው ይመጣሉ» አለች። ቆመች። ዝናቡ ጭቃውን እያንሸራተተ በድንጋዩና በጀርባዋ መካከል ሞላው። ዝናቡ ሲያባራ ፀሐይ ወጣችና ጭቃውን እንደ ግድግዳ ምርጊት አደረቀችው። እሷ ግን ትጠብቅ ነበር። መሽቶ ይነጋል፣ ነግቶ ይመሻል፤ አንዳቸውም አልመጡም። ከሸለቆው የእንቁራሪት ዘፈን ይሰማል፤ ጅግራዋ ትጮሃለች። ሁሉም ደኅና ነው። እሷን ያስታወሰ ግን የለም። «እንደምን አደራችሁ?» ማለቱንም ተወችው፤ ድንጋዩ ከብዷት ወደ አፋፉ መሄድ አቃታት።

ከታች የሆነውን ኋላ ነው የሰማችው። ዝናቡ ደጋግሞ ጥሎ ምንጩ ሲሞላ አባ ጉሬዛ ከቅርንጫፉ ላይ ጋቢውን አስተካክሎ «አያችሁ ምልጃዬን! በሉ ምስጋና አምጡ፤ ከፍሬ ጀምሩ» አላቸው። ሊያመጡለትም ነበር። ግን ጎርፉ የሾላውን ሥር ሲያጥብ ከግንዱ ፍልፍል ውስጥ ያሳረገው ፍሬ ሁሉ ተዘርግፎ ወጣ። የከርከሮ እንኮይ፣ የጦጣ ዶቅማ፣ የጥንቸል ለውዝ በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ በባለቤቶቹ ፊት አለፈ።

«ይህ ሰማይ የደረሰው አይደለም እንዴ?» አለች ጦጣ።

«ተመልሶ ነው! ተባርኮ የተመለሰ ነው!» አለ አባ ጉሬዛ፤ አንድ ቅርንጫፍ ወደ ላይ እየወጣ።

ያን ጊዜ አያ ጅቦ ከመካከል ቆመ። «አይቻለሁ» አለ።

«ደግሞ ምን አየህ?» አለው ከርከሮ።

«አሁን እውነቴን ነው። ያኔ ምንም አላየሁም፤ ተራራው ላይ ግን አይቻለሁ። የዘነበው እመት ኤሊ ስለ እኛ ድንጋይ ተሸክማ ነው። ስማችሁን አንድ በአንድ ጠርታለች። የዚህንም» አለና ወደ ላይ ጠቆመ፣ «የዚህንም ስም ጠርታለች። እኔም ‹አውርጂ› ሳልላት ሮጬ መጣሁ።»

ሸንጎው እንደገና ዝም አለ። ይኸኛው ዝምታ ግን ጥርስ ነበረው። አባ ጉሬዛ ሌላ ቅርንጫፍ ወጣ። ደግሞ ሌላ። «ውረድና ድንጋይ ተሸከም» ቢሉት ወደ ጫፍ ወጣ። ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ ከዛፍ አይወርድም፤ እግሩ መሬት የነካ ዕለት ድንጋዩን የሚያሸክሙት ይመስለዋል። ጋቢው አለ፤ የሚሳለመው የለም።

እመት ኤሊ ያን ቀን ዓይኗን ጨፍና ነበር። ድምፅ ሰማች።

«ቤቶች!»

እሷ አልተጣራችም። ገደሉ ሳይጠሩት አይጣራም።

ዓይኗን ገለጠች። አያ ጅቦ ፊተኛ ነው። ከኋላው ከርከሮ፣ ድኩላ፣ ጥንቸል፣ ጦጣ። ሁሉም በማጅራታቸው ድንጋይ ተሸክመዋል፤ ጠጠር የለም፣ ቅል የለም። ከእናቷ እግር ሥር ያችው ግልገል፣ እየተንገዳገደችም ቢሆን፣ ቆማለች።

«እመት ኤሊ» አለ ከርከሮ። ድምፁ የዳኛ ድምፅ አልነበረም። «በድለናል።»

እመት ድኩላ ሣር አላየችም፤ በቀጥታ ዓይኗን አየቻት። «ዝም ብዬ ነበር» አለች።

«አውርዱ» አለች እመት ኤሊ። ድንጋያቸውን አወረዱ።

«አንቺም አውርጂ!» አለ አያ ጅቦ እየተጣደፈ። «አውርጂ! አውርጂ ብያለሁ እኮ!»

አልወርድ አለ። አያ ጅቦ በጥርሱ ጎተተው፤ አንድ ጥርሱ ተሰበረ። ከርከሮ በክራንቻው ፈነቀለው፤ ንቅንቅ አላለም። ግልገሏ እንኳ መጥታ በአፍንጫዋ ገፋ አደረገችው። ድንጋዩ ሥጋ ሆኗል።

«ተዉት» አለች እመት ኤሊ። «እናንተን ስጠብቅ ለመደኝ።»

«እኛ ባንዘገይ ኖሮ...» አለ አያ ጅቦ።

«አዎ፤ ዘግይታችኋል» አለች። እውነቱን ነገረቻቸው እንጂ አላባበለቻቸውም። «ግን ዝናብ አይመታኝም፤ ፀሐይ አያገኘኝም። ያባረራችሁኝ ከአንድ ዛፍ ጥላ ነበር፤ አሁን ጥላዬ ከእኔ ጋር ይሄዳል። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ከአንድ ሰው በላይ አያስገባም። እንግዳ ሲመጣ ደጅ ወጥቼ ነው የምቀበል።»

ወደ ምንጩም ተመለሰች፤ በዝግታ፣ ቤቷን ተሸክማ። እነሱ ቀድመው ይሄዱና ቆመው ይጠብቋታል፤ ቀድመው ይሄዱና ቆመው ይጠብቋታል። መጠበቅ ማለት ምን እንደሆነ በዚያ መንገድ ላይ ተማሩት። ምንጩን እንደ ዱሮዋ ትጠርጋለች፤ ጠጥቶ የሚሄድ ሁሉ አሁን «እንደምን አደርሽ?» ሳይላት አይሄድም። እሷ ግን የለመደባት ነገር አለ። ድምፅ ስትሰማ አንገቷን ወደ ቤቷ ትሰበስባለች። ሰዎች «ፈሪ ናት» ይላሉ። ሰው ምን ያውቃል! ፈርታ አይደለም፤ የመጣው የገደል ማሚቶ ይሁን ወይስ የእውነት እንግዳ፣ ጸጥ ብላ ልትለይ ነው። እንግዳ መሆኑን ስታውቅ ቀስ ብላ አንገቷን ብቅ ታደርጋለች።

በሉ ልጆች፣ እኔ እዚህ ድረስ ተሸክሜዋለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ተረቱን እናንተ ተሸከሙት፣ አፌን ግን በቆሎ ሙሉት። እናንተም ትልልቆቹ፣ ስትወጡ ይችን ብቻ አትርሱብኝ፦

ለራስ ያነሡት ድንጋይ ሸክም፤ ለሌላ ያነሡት ቤት።